በአቦይ ሐጎስ ቋጠሮ የታሰረ ጨው

በእሜቴ ብርቄ ጨው ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ለመመስገን ቸኮልኩ። ከሳምረ የመጡት በቅሎዎችና አህዮች የሰቆጣውን ግቢ ሞልተውታል፤ እኔ አዲስ አውራጅ ነኝ። የመጀመሪያይቱን በቅሎ ጭነት ሰሌኑ ላይ አሳረፍኩና፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ጠፍሩን ልፈታ ቋጠሮውን ያዝኩ። የግቢው አሳሪ አያ ታረቀ እጄን በአርጩሜ ቸብ አደረገኝ።

«ያንተ ነው?» አለኝ።

«ምኑ፣ አያ?»

«ቋጠሮው ነዋ!»

«አይዶለም።»

«እና የሰው ሱሪ ምን ያስፈታሃል?»

ጫኞቹ ሁሉ ሳቁ። ስሜ ፈንታ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በግቢው ውስጥ «ሱሪ ፈቺው» ብለው የሚጠሩኝ ይበዙ ነበር።

ደንቡን የነገሩኝ እሜቴ ብርቄ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጨው ቤቱን ብቻቸውን ያስተዳድሩ ነበር፤ ግቢው መሐል ከድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ያያሉ። «ስማ ልጀ» አሉኝ። «ጨው ያመጣ ሰው ቋጠሮውን ራሱ ነው የሚፈታ። መጀመሪያ እግሩን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ከዚያ በገዛ እጁ ይፈታልናል። እስኪፈታ ድረስ ጭነቱ የሱ ነው፤ ከጣራችን ሥር አይገባም። ባለቤቱ ሳይፈታው የተፈታ ጨው የሌባ ጨው ነው። ገባህ?»

«ገባኝ እሜቴ።»

«እንግዲያ ተቀመጥ።»

መቀመጡ ግን አልሆነልኝም። በረቱን ጠረግሁ፣ ውኃ ቀዳሁ፣ ያልታዘዝኩትን ድንጋይ ከበር ላይ አነሳሁ። እሜቴ በዓይናቸው ሲከተሉኝ ቆዩና «ይኸ ልጅ ከቂጡ እሾህ አለበት» አሉ።

ለማያውቁት ላስረዳ። የምንነግደው አሞሌ ነው። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተጠርቦ የሚወጣ፣ የማጭድ መሳያ ድንጋይ የሚመስል ጨው ነው። በግመል እስከ ዳገቱ ሥር ይመጣል፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ሳምረ ይደርሳል፣ ከሳምረ የአበርገሌን ቆላ አቋርጦ ወደ እኛ ይወጣል። ሰቆጣ ላይ ጀርባ ይለውጣል። ከተከዜ ማዶ ከበለሳ፣ እንዲሁም ከላስታ የሚመጡ ነጋዴዎች ማራቸውን፣ ቅቤያቸውን፣ ቆዳቸውንና እህላቸውን አራግፈው አሞሌውን ጭነው ይመለሳሉ።

በሥራው ዝቅተኛው አውራጅ ነው። ያወርዳል፣ ይደረድራል፣ ይጠርጋል። ከእሱ በላይ አሳሪ አለ። አሳሪ ሁለት አሞሌ አጋጭቶ ድምፁን ይሰማል። ደረቁ እንደ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል ይጮኻል፣ የረጠበው እንደ እንጨት ያለ ድምፅ አለው። ርጥቡ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ወጥቶ በጢስ ይደርቃል፤ የላላው በአዲስ ልጥ ይታሰራል። ከሁሉ በላይ ደላላው ነው። ደላላ ነጠላውን ዘርግቶ፣ ከነጠላው ሥር የሻጩን እጅ ይዞ በጣት ይነጋገራል፤ ከዚያ ዞሮ የገዥውን እጅ ይይዛል። ሻጭና ገዥ በአንድ ግቢ እያደሩ በቀጥታ አይነጋገሩም። በእኛ ቤት ደላላዋ እሜቴ ራሳቸው ነበሩ። ባልቴት ሆነው የወንድ እጅ ይይዛሉ ብሎ የሚያማ አልጠፋም። እሳቸው ግን «የሰጠሁት ጣቴን ነው፤ ሌላውን ባሌ ይዞት ሄዷል» ይሉ ነበር።

ከደንቡ ሁሉ ትልቁ የቤተኛ ደንብ ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ በሚሄድበት አገር አንድ ቤት አለው። እዚያ ያድራል፣ እዚያ ያራግፋል፣ ቢታመም እዚያ ይተኛል። ያንን ቤት ትቶ ከጎረቤት ማደር ከስድብ ይከፋል። የሳምረው ቤተኛችን አቦይ ሐጎስ ነበሩ። የእሜቴ ባል በሕይወት ሳሉ ጀምሮ የአቦይ ሐጎስ በቅሎዎች ከግቢያችን ምሥራቅ ማዕዘን ካለው የወይራ ችካል ላይ ይታሰራሉ። የሌላ ሰው እንስሳ እዚያ ችካል ላይ ታስሮ አላየሁም።

የቋጠሮም ደንብ ከዚሁ ይያያዛል። የእያንዳንዱ ቤት አስተሳሰር ልዩ ነው። የአቦይ ሐጎስ ቋጠሮ ጠፍሩን በራሱ ላይ አጥፎ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ደብቆ የሚጠብቅ ነው። አያ ታረቀ ጨለማ ውስጥ በጣቱ ዳስሶ ይለየዋል።

እኔ ከአውራጅነት ቶሎ ከፍ ያልኩት በቋንቋ ነው። ወላጆቼ ከዋግ ዝቋላ ስለሆኑ በቤታችን የምንናገረው ኽምጣና፣ የዋግ አገውኛ፣ ነበር። አማርኛውን በትምህርት ቤት፣ ትግርኛውን ደግሞ ከሳምረ ጫኞች ተማርኩ። ከቀኑ እኩሌታ ትምህርት ቤት እውላለሁ፣ እኩሌታውን ግቢ ውስጥ አስተረጉማለሁ። ባስተረጎምኩ ቁጥር እግሬ ይበላኝ ነበር። ጫኞቹ ስለ ሳምረ ሲያወሩ ሳምረን ማየት እፈልጋለሁ። የበለሳ ነጋዴዎች፣ በለሶች የምንላቸው፣ ስለ ተከዜ ማዶ ሲያወሩ ወደዚያ ያምረኛል። ጨው የሚነጠፍበትን ምድር ማየት ደግሞ ከሁሉ በላይ እመኝ ነበር። ያየው ሰው በግቢያችን አልነበረም። አቦይ ሐጎስ እንኳ ከግመሎቹ ማረፊያ አልፈው አያውቁም።

ወደ ሌላው አቅጣጫም እንዲሁ ነበር። የምንሰበስበው ቆዳ በላስታ በኩል ወልድያ፣ ከዚያ ደሴ ይደርሳል፤ ደሴ ላይ አንድ ግሪክ ነጋዴ ይገዛዋል ይባላል። ግሪኩን ያየ የለም። ትእዛዙ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይደርሰናል። አንድ ቀን «ግሪኩ ቀዳዳ ያለበት የፍየል ቆዳ አልፈልግም ብሏል» የሚል መልእክት መጣ። አያ ታረቀ ቆዳውን አንሥቶ በቀዳዳው አየኝና «ምነው፣ ሊለብሰው ነው?» አለ።

ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የታሪክ መምህራችን ካርታ ሰቅለው «ዛሬ ስለ ጥንት ግሪኮች ቅኝ ከተሞች እንማራለን» ሲሉ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ የደሴው ቆዳ ገዥ ነው። ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

መምህራችን እንዳስረዱን እነዚያ ግሪኮች ከጠባብ አገራቸው በመርከብ እየወጡ በባሕር ዳር ከተማ ይቆረቁሩ ነበር። በጥቁር ባሕር ዳር ኦልቢያን፣ በዛሬዪቱ ፈረንሳይ ጠረፍ ማሳልያን ቆረቆሩ። ከተሞቹ ፊታቸው ወደ ባሕሩ ነው። የወይን ጠጃቸው ጋንና የነሐስ ዕቃቸው ግን ከባሕሩ እጅግ ርቆ፣ በወንዝና በተራራ ማዶ በተቀበሩ መሳፍንት መቃብር ውስጥ ተገኝቷል። ወደ ባሕሩ ደግሞ እህል፣ ቆዳና ብረት ይወርዳል።

«ጋኑ እንዴት እዚያ ደረሰ?» ብለው ጠየቁን።

አንዱ «ወታደር ይዞት ሄዶ ነው» አለ። ሌላው «ወንዙን በጀልባ ተከትለው ነው» አለ። እኔ መልስ ነበረኝ። በምን ቃል እንደምናገረው ግን አላወቅሁም። እግሬን ከዴስኩ ሥር ሳወዛውዝ አጠገቤ ያለው ልጅ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እረፍ!» ብሎ ረገጠኝ። ክፍለ ጊዜው አለቀ። ያን ቀን ያልተናገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ ለክፍል ጓደኞቼና አብረውኝ ጨው ላወረዱት። የተሳሳትኩት ካለ የግቢው ሰዎች ያርሙኝ።

ችግሩ የመጣው በመኪና ነው። ከባሕር ወደብ በጆንያ የሚመጣ ዱቄት ጨው በአውራ ጎዳናው እስከ ኮረም ድረስ በጭነት መኪና ይራገፍ ጀመር። ሰዉ መጀመሪያ ቀለደበት። አያ ታረቀ ከጆንያው በጣቱ ቆንጥሮ ቀመሰና «ይኸን አጋጭቼ ምኑን ልሰማ ነው?» አለ። የላስታ ነጋዴዎች ግን ቀስ በቀስ ወደ ኮረም ማዘንበል ያዙ። ግቢያችን በገበያ ዋዜማም ባዶ ቦታ ይታይበት ጀመር። የቀሩን በለሶች ነበሩ፤ እነሱም «አሞሌው ካልረከሰ እኛም ኮረም እንሄዳለን» አሉ።

እሜቴ ሰነበቱና አያ ታረቀንና እኔን ጠሩን።

«ጨዉ ከሚያልፍበት አንድ እጅ ካልቀነስን ይኸ ቤት ይዘጋል» አሉ። «ማሩንና ቅቤውን ጭናችሁ እስከ ግመሎቹ ትወርዳላችሁ። ከአፋሮቹ ራሳችሁ ገዝታችሁ ትመጣላችሁ።»

አያ ታረቀ መሬት መሬት አየ። «አቦይ ሐጎስን አልፈን፣ እሜቴ?»

«እለፏቸው ማን አለ? ግመሎቹ ድረሱ ነው ያልኩ።»

«ያው አይዶል? ሳምረ ላይስ የት እናድራለን?»

እሜቴ እዚህ ላይ ያላሰቡበት ነገር ገጠማቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና ተቆጡ። «የት ታድራላችሁ? ከሳቸው ቤት ነዋ! ሌላ ቤት ብታድሩ አገር ምን ይለኛል!»

አያ ታረቀ ከግቢው እስክንወጣ ታግሦ፣ «የሰውየውን እንጀራ ልንነጥቅ፣ ከሰውየው ቤት እራት በልተን እንነሣለን» አለኝ። «ይኸን የመሰለ ሌብነት ሰይጣንም አልሰማ!»

እኔ ግን ለእሜቴም ለአቦይ ሐጎስም ያለኝን ሐሳብ እግሬ ቀደመው። ልሄድ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በአበርገሌ ቆላ ወርደን፣ የጽላሪን ወንዝ ተሻግረን ሳምረ ወጣን። አቦይ ሐጎስ ከበር ተቀበሉን። ረጅም፣ ጢማቸው የነጣ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው። ውኃ አስመጥተው የአያ ታረቀን እግር በእጃቸው ሊያጥቡ ሲያጎነብሱ አያ ታረቀ እግሩን ሰበሰበ።

«አይሆንም አቦይ! እርስዎ አያጥቡኝም!»

«ሰቆጣ ስመጣ የኔን ማን ነው የሚያጥብ?»

«እኔ ነኝ።»

«በል አምጣ፣ ወደይ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እግርህን አምጣ» የሚለው ቃል እስካሁን ለአያ ታረቀ ስድብ ነው። እግሩ ሲታጠብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

አቦይ ሐጎስ ጭነታችንን ዞረው አዩ። የማሩን ስልቻ ዳበስ አደረጉ። ያ ማር በደንቡ ሰቆጣ ላይ ሆኖ እሳቸውን የሚጠብቅ ማር ነው። ስልቻው በበቅሎ ጀርባ ሳምረ ድረስ ለምን እንደመጣ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም።

«ማር ነው» አሉ።

«እወ አቦይ» አልኩ።

«ጽቡቕ፣ ጥሩ ማር ነው። ብርቄ ሓፍተይ ደኅና ናት?» አሉ፤ እሜቴን እህቴ ይሏቸዋል።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሌላ አልጠየቁም። ጠላ ቀረበ፣ በግ ታረደ። አያ ታረቀ ቁራሹን በእጁ ሲያገላብጥ «ብላ እንጂ፣ መንገድህ ረጅም ነው» አሉት። የት እንደምንሄድ ያልነገርናቸው ስለ ነበር አያ ታረቀ የያዘው ቁራሽ ከእጁ ወደቀ።

ጠዋት የራሳቸውን ጠፍር አሸክመው አመጡ። «የናንተ ጠፍር ለደጋ ነው፤ ታች በፀሐይ ይሰነጠቃል። የኔን ውሰዱ» አሉን። ከመንደሩ ጫፍ ካለው ሾላ ድረስ ሸኙን። ልንለያይ ስንል እጄን ያዙ።

«ወደይ፣ ታች ስትደርሱ ‹የማን ናችሁ?› ይሏችኋል።»

«ምን እንበል አቦይ?»

«እውነቱን ነዋ!»

ታች የግመሎቹ ማረፊያ በራህሌ ደረስን። ሙቀቱ ጫማ ያቀልጣል፤ አያ ታረቀ ጫማ ስላልነበረው «እኔን ምኔን ያቀልጠው ይሆን?» ይላል። ግመለኞቹ በጥላ ሥር አሞሌ ደርድረው ተቀምጠዋል። አለቃቸው ዓሊ የሚባል፣ ጢሙን በሒና ያቀላ አፋር ነው፤ ትግርኛ ይናገራል። ማሩን ቀመሰና ራሱን ነቀነቀ።

«የማን ናችሁ?» አለ።

«የእሜቴ ብርቄ።»

«አላውቃትም።»

«ከሰቆጣ ነን።»

«ሰቆጣ የት ነው?»

ደነገጥኩ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የላከው ጨው ሰቆጣ ላይ ሲራገፍ ኖሯል። ስሙን ግን አልሰማም። «ጨውህ ከዚህ ተነሥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«ወደ ሐጎስ።»

«ከሐጎስ በኋላስ?»

ጓደኞቹን ዞር ብሎ አየና ሳቀ። «ከሐጎስ በኋላ አገር አለ እንዴ?»

ከዚያ በበቅሎዋ ላይ የተንጠለጠለውን ጠፍር አየ። ተነሥቶ በጣቱ አሸው። «ይኸ የሐጎስ ጠፍር ነው። የሐጎስ ሰዎች ከሆናችሁ ምን ታደናግሩኛላችሁ?» አለ። አያ ታረቀ «አይዶለንም በለው!» አለኝ። አልኩለት። ዓሊ «ካልሆናችሁ ጨው የለኝም፤ ሰርቃችሁትም እንደሆነ ልወቅ» አለ። ይህን ስተረጉም አያ ታረቀ ደረቱን ያዘ። «እንግዲያ ነን በለው» አለ።

ማሩንና ቅቤውን ተቀብሎ አሞሌውን ቆጥሮ አስረከበን። አያ ታረቀ በእኛ ቤት አስተሳሰር ሊያስር ሲጀምር ዓሊ ጠፍሩን ከእጁ ወሰደ። «የማላውቀው ቋጠሮ ከዚህ አይወጣም» አለ። ጭነቱን ሁሉ በአቦይ ሐጎስ ቋጠሮ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ደብቆ አሰረው።

ከመመለሳችን በፊት ጨው የሚነጠፍበትን ምድር እንዲያሳየኝ ለመንኩት። በእጁ ወደ ታች አመለከተ። ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ ይታያል። «ከዚህ በታች የምታድርበት ቤት አለህ?» አለኝ። የለኝም አልኩት። «እንግዲያ አትሄድም።» እስከ ዛሬ አላየሁትም። እስከ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ።

መምህራችን በሌላ ቀን አንድ ነገር ነገሩን። ከጥቁር ባሕር ዳር ከተሞች ተነሥቶ ወደ ሩቁ አገር የሚዘልቅ ነጋዴ በሰባት አስተርጓሚ፣ በሰባት ቋንቋ ነበር የሚገበያየው። ያን ጊዜ እጄን አወጣሁ። እኔ ከእንዲህ ያሉ አስተርጓሚዎች አንዱ እንደነበርኩ፣ ዓሊ ሰቆጣን እንደማያውቅ፣ የኦልቢያም ሰው እህሉ የተዘራበትን አገር ላያውቅ እንደሚችል ተናገርኩ። ጋኑን ወደ ውስጥ ያደረሰው ሾላ ድረስ የሚሸኝ ሰው ይመስለኛል አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። መምህራችን አልሳቁም፤ ግን አረሙኝ። «ጥሩ ግምት ነው። ነገር ግን ዓለምን ሁሉ ሰቆጣ አታድርገው። ወደ ውስጥ ዘልቀው፣ አግብተው፣ ወልደው የቀሩ ግሪኮችም ነበሩ» አሉ። ልክ ናቸው። ያገባ ሰው ግን ቤት አገኘ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ዳግመኛ እጄን ለማውጣት ግን አልደፈርኩም።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ስንመለስ አቦይ ሐጎስ ቤት አልነበሩም፤ ለሠርግ ወደ ዘመድ ሄደዋል ተባልን። ቤተሰባቸው አሳድሮ ሸኘን። ሰቆጣ ስንደርስ እሜቴ ከመደባቸው ተነሥተው እልል አሉ። በለሶች ባዶ በቅሎዎቻቸውን ይዘው ሰንብተው ነበር። ጭነቱን አወረድን። እሜቴ ጎንበስ ብለው ጠፍሩን ነኩና እልልታው ቆመ።

«ይኸ የማን ቋጠሮ ነው?»

አያ ታረቀ ወደ በቅሎዎቹ ዞረ።

«ታረቀ! የማን ነው?»

«የአቦይ ሐጎስ ነው፣ እሜቴ።»

ነገሩን በሙሉ ነገርናቸው። እሜቴ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «እና የሳቸውን ጨው ተሸክማችሁላቸው መጣችሁ» አሉ።

ችግሩ ግልጽ ነበር። ጨዉ በአቦይ ሐጎስ ቋጠሮ የታሰረ ነው፤ እሳቸው ካልፈቱት የእኛ አይሆንም፣ ከጣራም ሥር አይገባም። በተከዜ ላይ ደመና ቆሟል። በለሶች ወንዙ ሳይሞላ መሻገር አለባቸው። አንድ ዝናብ በደንብ ከወረደ አሞሌው በማሰሪያው ውስጥ ያልበዋል፣ ያዣል። ማሩና ቅቤው የዓመቱ ስብስባችን ስለነበር፣ ጨዉ ከጠፋ ቤቱ አለቀ።

ከበለሶቹ አንዱ ካራውን መዘዘ። «ጠፍር ነው እኮ! እኔ ልቁረጠው፣ ኃጢአቱ በኔ ይሁን!»

እሜቴ ከጭነቱ ፊት ቆሙ። «ቁረጥና ከዚያ በኋላ ከማን ጨው እንደምትገዛ ንገረኝ» አሉት። «ዛሬ የሐጎስን ቋጠሮ የቆረጠ ቤት፣ ነገ ያንተን አይቆርጥም?»

ካራው ወደ አፎቱ ተመለሰ። ቆዳ አምጥተን ጭነቱን ሸፈንን። ግሪኩ ያልወደደው ባለቀዳዳ ቆዳ ሳይቀር ወጣ። እኔ ቀን ቀን ወደ አበርገሌ መንገድ ወዳለው ጉብታ እየወጣሁ አቦይ ሐጎስ መጡ እንደሆን አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። እሜቴ «እግርህ እሳቸውን አያመጣቸው፤ ተቀመጥ» ቢሉኝም እሳቸውም ያን ሰሞን አልተቀመጡም። ካፊያ ጀመረ። በለሶች በቅሎዎቻቸውን ከማሰሪያ ፈቱ። ወደ ኮረም ሊሄዱ ነው።

አቦይ ሐጎስ ከሠርጉ ተመልሰው የመጡት በዚያ ካፊያ ነው። በቅሏቸውን ከወይራው ችካል አሰሩ። ከአያ ታረቀ በቀር ማንም ውኃ እንዲያነሣ አልተፈቀደለትም፤ እግራቸውን አጠበ። ምግብ ቀረበ። እሳቸውም በሉ፤ ቀስ ብለው በሉ። የእሜቴን ጉልበት፣ የላሟን ጥጃ፣ የጎረቤቱን ክርክር፣ ሁሉን ጠየቁ። ካፊያው ቆዳውን ይመታል። በለሶች ከበር ቆመው ያያሉ። እኔ ከአንድ እግር ወደ አንድ እግር እላለሁ።

በመጨረሻ እሜቴ አልቻሉም። «አቦይ፣ አጥፍቻለሁ» አሉ።

«ምን አጠፋሽ፣ ሓፍተይ? ሁለት ጫኝ ሰደድሽልኝ።»

አያ ታረቀ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አስነጠሰው። ከዚያ እሜቴ ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አቦይ ሐጎስ ግን አልሳቁም። ተነሥተው ቆዳውን ገለጡና ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ፈቱ። የመጀመሪያውን አሞሌ አንሥተው ለአያ ታረቀ ሰጡት። አያ ታረቀ ከሌላ አሞሌ ጋር አጋጨው፤ ጮኸ። ደረቅ ነበር።

እሜቴ ነጠላቸውን ዘረጉ። አቦይ ሐጎስ እጃቸውን ከሥሩ ሊከቱ ሲሉ ተዉት። «ዛሬ በጣት አንነጋገር» አሉ ሁሉም እየሰማ። «ማሩ ያንቺ ነው፣ መንገዱ የኔ ነው። እኩል።»

«እኩል» አሉ እሜቴ።

አቦይ ሐጎስ ከራሳቸው ድርሻ ላይ አንድ አሞሌ ለአያ ታረቀ፣ አንድ ለእኔ አወጡ። ከሳምረ ወደ ግመሎቹ የሚወርድ ጫኝ ሁሉ በደንቡ የሚያገኘው ነው። አያ ታረቀ እንደ መስቀል በሁለት እጁ ተቀበለ። «አቦይ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ጫኝ ነህ በሉኛ» አለ። «ሥራህ መጥፎ አልነበረም» አሉት። «ቋጠሮ ግን ገና አልቻልክም።» በለሶች ጭነው ያንኑ ቀን ወደ ተከዜ ወረዱ።

ቤቱ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ቆየ። መጨረሻው ግን መኪናው አሸነፈ። መኪና ቤተኛ አያስፈልገውም፤ ሾፌሩ ኮረም ያራግፍና ሳያድር ይመለሳል። ጨው ቤቱ ሲዘጋ እኔ ትምህርቴን ልቀጥል ወደ ወልድያ ሄድኩ። አያ ታረቀ ወደ አገሩ ወደ ዝቋላ ተመልሶ ማሽላ ያርሳል። አቦይ ሐጎስ የሚያራግፉት ጨው ባይኖርም ለጥምቀት መጥተው ከእሜቴ ዘንድ ያድሩ እንደነበር ሰምቻለሁ።

አሁን እዚህ ዩኒቨርሲቲው ሰላም የለውም። ትምህርት ይቋረጣል ይባላል፤ ከአገሬ ከዋግ የሚመጣውም ወሬ ስለ ዝናብ ጥሩ አይደለም። ከድርቁ የሸሸው ሰው ወደ ማን ቤት እየሄደ እንደሆነ አስባለሁ። ባለፈው ክረምት ሰቆጣ ሄጄ ነበር። ግቢው ውስጥ ሣር በቅሏል። የወይራው ችካል አለ። በቅሎዬን ላስርበት ስል እሜቴ ከመደባቸው «እዚያ አይዶለም!» ብለው ጮኹብኝ። ከአጥሩ ላይ አሰርኩ።

ከሥራዬ የተማርኩት ይህን ነው። ወደማታውቀው አገር ለንግድ ስትወጣ መጀመሪያ የምታድርበትን ቤት እወቅ። ባለቤቱን አልፈህ አትሂድ።